ስለ ጣና ጀልባ ሠሪዎችና ስለ መተማ በር

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው ሲሠራ ሁሉ የሚያየው፥ ሲፈርስም ሁሉ የሚያዝንለት ነው። ሁለተኛው ግን ሲሠራ ማንም ልብ የማይለው፥ ከጠፋ በኋላ ብቻ «ለካ እንዲህ ያለ ሥራ ነበረ» ተብሎ የሚታወስ ነው። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው የጀልባ ሥራ፥ ይልቁንም ለሽርሽርና ለአገር ጉብኝት የሚሆነው የጀልባ ሥራ፥ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለ ጣና ደሴቶችና ስለ ገዳማቱ ብዙ ተጽፏል፤ ወደዚያ ስለሚያደርሰው ጀልባና ጀልባውን በእጁ አበጅቶ ወደ ውኃ ስለሚያወርደው ሰው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ነገሩን ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ከቆላው፥ ከመተማ ብንጀምረው አንባቢ ይገረም ይሆናል። መተማ ጀልባ የሚሠራበት አገር አይደለም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚወርዱት ጓንግና ሽንፋ በክረምት ደራሽ ሆነው ግንድ እያንከባለሉ ይሄዳሉ፤ በበጋ ደግሞ ጎድለው እዚህና እዚያ ኩሬ ብቻ ይተዋሉ። በ2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው፥ ከ74 ሺህ ዓመት ያህል በፊት በሽንፋ ዳር የኖሩ ሰዎች በበጋ ከሚቀረው ኩሬ ዓሣ እያወጡ ይመገቡ ነበር። እንግዲህ የቆላው ሰው ከውኃ ጋር ያለው ትውውቅ እጅግ የቆየ ነው፤ ነገር ግን ወንዞቹ ጀልባ የሚሸከሙ አይደሉምና ኑሮው በሰሊጥ፥ በጥጥ፥ በማሽላና በዕጣን ሆኖ ቀርቷል።

ይህም ቢሆን፥ በር ራሱ ቤት ባይሆንም ቤት ያለ በር አይኖርም። መተማም ለጣና ጀልባ አንዱ በር ነው። ከጎንደር እስከ መተማ ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከመተማ ዮሐንስ ማዶ የሱዳን ከተማ ጋላባት ትገኛለች። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት የወደቁት በዚሁ ምድር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የመተማ ገበያ ከሱዳን የመጣ ነጋዴና ከደጋ የወረደ ነጋዴ የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበረ። ከጣና ዳር፥ ከዘጌ የሚነሣው ቡና ስንኳ በዚያ በኩል ወደ ሱዳን ይወጣ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ከካይሮና ከካርቱም ተነሥተው በመኪና እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ እንግዶች በጋላባት በኩል ገብተው፥ ቆላውን አቋርጠው፥ ወደ ጎንደር ወጥተው፥ ከዚያም ወደ ጎርጎራ ወርደው በሐይቁ ዳር ያርፉ ነበር። እንግዳ ካረፈ ደሴት ማየት ይሻል፤ ደሴት ሊያይ ከወደደም ጀልባ ይከራያል። ስለዚህ በመተማ የሚሆነው ነገር ሁሉ፥ ደግም ቢሆን ክፉ፥ ጥቂት ቆይቶ በጣና ዳር ይሰማል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ በሐይቁ ላይ የሚሄደው ጀልባ ሆዱ ጠፍጣፋ፥ ወደ ውኃ ብዙ የማይሰጥም እንዲሆን ያስፈልጋል። በውስጡ ካሉት 37 ደሴቶች ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ጣና ቂርቆስ፥ ክብራን ገብርኤል፥ በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴም ሁሉ ያለ ጀልባ አይደረስባቸውም። ለመነኩሴው ጀልባ መንገዱ ነው፤ ለተሳላሚው ድልድዩ ነው፤ ለአገር ጎብኚው ግን መደሰቻው ነው። ሦስቱም በአንድ ጀልባ ይሄዳሉ፤ ጀልባውን በሕይወት የሚያኖረው ገንዘብ ግን ከሦስተኛው ይመጣል።

የዚህ ሥራ አባት የደንገል ታንኳ ነው። ደንገል በመጽሐፍ ቅዱስም የታወቀ ነው፤ ሙሴ በሕፃንነቱ የተኛበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ እንደ ነበረ በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለች አገር ሲናገር የደንገል መርከብን ያነሣል። በጣና ዳር ይህን ጥበብ ይዘው ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩት ከሁሉ ይልቅ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የዱሮ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ ጎረቤቶቻቸው በብዙ ዘመን ስለ ናቋቸው መሬትም ማዕርግም ሳያገኙ ኖረዋል። ያልተወሰደባቸው ሀብት የእጃቸው ጥበብ ብቻ ነበረ።

ታንኳው የሚሠራበት ዘዴ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ለሚሞክረው ግን ከባድ ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል። ያልደረቀ ደንገል ይከብዳል፤ ከልክ በላይ የደረቀውም ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ በእስር በእስር ሆኖ በልጥ ገመድ ይጠበቃል፤ እስሩ ሁሉ ተጋጥሞ የታንኳው ሆድ ይሆናል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ተቀስሮ ይታሰራል፤ ውስጡም ተጓዡና ጭነቱ ከውኃ ከፍ እንዲል በሌላ እስር ይነጠፋል። ሚስማርም ሙጫም አይገባበትም። ውኃ በውስጡ ቢያልፍ እንኳ ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋልና እንደ ብረት ጀልባ ቶሎ አይሰጥምም። ነገር ግን ቀን በቀን ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። ይህ አጭር ዕድሜ ጉዳት ይመስላል፤ ለጥበቡ ግን ጥቅም ነበረ። ታንኳው ቶሎ ስለሚያረጅ ሠሪው ሁልጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ስለሚሠራም ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ይማራል።

የጣና ደንገል ዝና በዓለም የተሰማበትን አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ቶር ሄየርዳል የተባሉ የኖርዌይ ሊቅ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ተሻግረው ሊሆን ይችላል ብለው ነገሩን በሥራ ለመፈተን ተነሡ። ደንገሉ ከጣና ሐይቅ ታጭዶ ወደ ግብፅ ተላከ፤ በፒራሚዶቹ አጠገብ መርከቡን የሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ነበሩ። መርከቡም «ራ» ተብሎ በ1961 ዓ.ም. ግንቦት ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ ብዙ ከተጓዘ በኋላ፥ ከአሜሪካ ዳርቻ ሳይደርስ ተፈታና ቀረ። በማግሥቱ ዓመት በ1962 ዓ.ም. ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሁለተኛውን መርከብ ሠሩ፤ እርሱም በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ከእኛ ሐይቅ የታጨደ ሣር ውቅያኖስ ለመሻገር በቅቷል። ሁለተኛ፥ ደንገሉ የእኛ ሲሆን የሠሪነቱ ስም ለሌሎች ሆኗል። ዕቃው በእጅ እያለ ጥበቡን የማያከብር አገር ክብሩን ለሌላ እንደሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከታንኳው ቀጥሎ የመጣው የብረት ጀልባ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ጎርጎራን ወደብ አድርጎ ለጊዜው ተጠቀመበት፤ ከነጻነት በኋላም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፥ ደቅንና ቁንዝላን እየነካ ጎርጎራ የሚደርሰው የመርከብ ጉዞ የሐይቁ ዳር ሰዎች መገናኛ ሆኖ ኖረ። አገር ጎብኚ እየበዛ ሲሄድ ትንንሽ ጀልባዎች ተፈለጉ፤ በዚህ ምክንያት በባሕር ዳር የጀልባ ሥራ ራሱን የቻለ ሞያ ሆነ። ብረት በያጁ ላሜራውን ይቈርጣል፤ የጎድን አጥንቱን በአንጎላሬ ያቆማል፤ ስፌቱንም አንድ ቀዳዳ እንዳይቀር እየተጠነቀቀ ይበይዳል። አናጢው ወንበሩን ያቆማል፤ ቀለም ቀቢው የዝገት መከላከያውን ይቀባል፤ ሸራ ሰፊው ለፀሐይ መከላከያ ጣራውን ያለብሳል፤ መካኒኩም ከውጭ አገር የመጣውን ሞተር ከኋላው ያስራል። ጀልባው ውኃ ላይ ከወረደ በኋላ ነጂው፥ አስጎብኚው፥ ቡና አፍልታ የምትሸጠው፥ ዓሣ ጠብሳ የምታቀርበው ሁሉ ከእርሱ እንጀራ ይበላሉ። ስለዚህ አንድ የሽርሽር ጀልባ ሲታዘዝ የብዙ ቤት ምድጃ ይነድዳል፤ ትእዛዙ ሲቀርም የዚያን ያህል ምድጃ ይቀዘቅዛል።

ይህ ሥራ ባለፉት ዓመታት የደረሰበትን መከራ በተራው እንመልከት። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ እጅግ ስለ ወረደ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜኑ ዳርቻ ታይቶ እየተስፋፋ ሄደ፤ አረሙ የዓሣውን ማረፊያና የደንገሉን ሥፍራ ይይዛል፥ የጀልባውንም ሞተር ማዞሪያ ይጠመጥማል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የኮሮና በሽታ በአገራችን ሲገለጥ የእንግዳ መምጫ ተዘጋ። እርሱ ሳያልፍ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያ ውል ሲቆም የጀልባ ሠሪዎች ተስፋ ጥቂት ቀና ብሎ ነበር።

ነገር ግን ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን፥ በካርቱም የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በመተማ መንገድ ጎብኚ ይመጣ በነበረበት ፈንታ ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሕዝብ መጣ፤ ለስደተኞችም በቆላው በኩመርና በአውላላ ማረፊያ ተሰጣቸው። ስደተኛ መቀበል የአገራችን የቆየ ልማድ ነው፥ ክብርም ነው፤ ሆኖም በዚያ መንገድ ሲነግድና ሲያስተናግድ ይኖር የነበረ ሁሉ ሥራው ቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከጎንደር ወደ መተማ፥ ከባሕር ዳርም ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ለመንገደኛ የሚያሰጋ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የውጭ ገንዘብ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወር ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ለላኪው ነጋዴ ጥቅም ሊያመጣ ይችላል፤ ሞተሩንና ላሜራውን ከውጭ ለሚጠብቀው ጀልባ ሠሪ ግን ጎብኚው በጠፋበት ሰዓት የዕቃው ዋጋ እጥፍ ሆነበት።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ገበሬ አንድ ዓመት ዝናብ ቢቀርበት ዘሩን ካልበላ በሚመጣው ዓመት ይዘራል። ነጋዴም አንድ ዓመት ቢከስር ሌላ ዕቃ ይነግዳል። የጀልባ ሠሪ ጉዳት ግን ከእነዚህ ይለያል። ትእዛዝ ሲጠፋ በያጁ በርና መስኮት ወደ መበየድ ይሄዳል፤ ይህ መልካም ነው፥ ሰው መኖር አለበት። ነገር ግን ረዳቱ የጀልባ ስፌት ሳይማር ያድጋል። በዳር የቆመው ጀልባ ደግሞ ይዝጋል፤ ባለቤቱ ዕዳውን ለመክፈል ሞተሩን ነቅሎ ይሸጣል፤ ሞተር የሌለው ጀልባም የብረት ክምር ነው። የታንኳ ሠሪውም ልጅ አባቱ በዓመት ስንት ታንኳ እንደ ሸጠ ቈጥሮ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሰላም ሲመለስና እንግዳ ሲመጣ ጀልባ ማዘዝ ይቻላል፤ ጀልባ ሠሪን ግን ማዘዝ አይቻልም። እርሱ የሚገኘው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት አጠገብ ተቀምጦ የተማረ ሰው ካለ ብቻ ነው።

«የሽርሽር ጀልባ የቅንጦት ዕቃ ነው፤ አገር በችግር ሳለች ስለ ሽርሽር መጻፍ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይህ ነው። በጀልባው የሚዝናናው እንግዳው ነው፤ ለሠሪው ግን ጀልባው ዳቦው ነው። ደግሞም ለጎብኚ የተሠራው ጀልባ በበዓል ቀን ተሳላሚውን፥ በገበያ ቀን የደሴቱን ገበሬ፥ በሕመም ቀን ወላዲቱን ያሻግራል። የጎብኚው ገንዘብ ሲቀር የሚቀረው ሽርሽሩ ብቻ ሳይሆን ይህ ሁሉ ነው። ሰላማዊ ጀልባ ሲጠፋ ሰው አሮጌና ከልክ በላይ የተጫነ ታንኳ ለመሳፈር ይገደዳልና ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መንግሥት ሐይቁን እንዳልረሳው የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። በገበታ ለሀገር ጎርጎራ ከሚለሙት ሥፍራዎች አንዷ ሆና ተመረጠች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ታላቅ ጀልባ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና፥ ረጅሙን የየብስ መንገድ አቋርጣ ባሕር ዳር ደረሰች። ጀልባ ተራራ ወጥታ ስትሄድ ያየ ሕዝብ በየመንገዱ ተደንቋል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ደስታ ጋር አንድ ነገር እናስብ፤ ትልቂቱ ጀልባ ብቻዋን ሐይቁን አትሞላውም። ጥልቀት በሌለበት ዳርቻና በትንንሾቹ ደሴቶች የሚገባው ትንሹ ጀልባ ነው፤ እርሱንም ከጅቡቲ ማምጣት አያስፈልግም። ትልቂቱም ብትሆን ስትታመም የሚጠግናት እጅ በአቅራቢያዋ ይኑራት። አለዚያ በጣና ዳር ተወልዶ ጀልባ ያጣ ሰው «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት ይፈጸምበታል።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ባለሥልጣኖችና ለሐይቁ ካህናት የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ደንገሉ ይጠበቅ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕያዋን ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ ስም በወረቀት ብቻ እንዳይቀር በየዳርቻው የእርሻ ወሰን ይታወቅ፥ ደንገሉም በተራ እየታጨደ እንዲያገግም ይደረግ። የገዳማቱ አበው ዛፍን እንዴት ጠብቀው እንዳኖሩ ዘጌን ያየ ያውቃል፤ ያው ጥበቃ ወደ ውኃው ዳር ቢወርድ ማንም አይቃወማቸውም።

ሁለተኛ፥ ሠሪው ብድር ያግኝ። ቤትና መሬት የሌለው ሰው ዋስትና የለህም ተብሎ ይመለስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት ዐዋጅ ግን መሣሪያን፥ ሞተርንና ጀልባን የመሰለ ሀብት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። ዐዋጁ ለነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪና ለባሕር ዳር በያጅ እንዲደርሰው የሚያስረዳለት ሹም ያስፈልገዋል፤ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ዐዋጅ ማንንም አያሻግርምና።

ሦስተኛ፥ ጀልባ ሁሉ ወደ ውኃ ከመውረዱ በፊት ይመርመር፤ የሚጭነው ሰው ቍጥር በጎኑ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይኑር። ይህ ለሠሪው ቀንበር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መልካም የሠራው ከክፉ የሠራው የሚለይበት ማኅተም ስለ ሆነ ክብሩ ነው።

አራተኛ፥ መሥሪያ ቤቶች፥ ሆቴሎችና ገዳማት ትንሽ ጀልባ በሚሹበት ጊዜ አስቀድመው በሐይቁ ዳር ያለውን ሠሪ ይጠይቁ። በዓመት የሚታዘዙ ጥቂት ጀልባዎች አንድን የሥራ ቤት ከመዘጋት ያድናሉ፤ የሥራ ቤቱ ካልተዘጋ ደግሞ ልጁ ይማራል። በባሕር ዳር ለዓለም መርከቦች መሐንዲስ የሚሆኑ ወጣቶች ይሠለጥናሉ፤ ለውቅያኖስ የሚሆን ትምህርት ለጣና አይበዛበትምና ተማሪውና የዳር ሠሪው ቢገናኙ ሁለቱም ያተርፋሉ።

አምስተኛውና የሁሉ ራስ የሆነው የመንገዱ ሰላም ነው። የሱዳን ጦርነት በእኛ ፈቃድ አይቆምም፤ ከመተማ እስከ ጎንደር፥ ከጎንደርም እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ግን የእኛ ነው። በዚህ ላይ ሹሙም፥ ሽማግሌውም፥ ካህኑም የየድርሻው አለበት። መንገደኛ ያለ ፍርሃት የሚያልፍበት አገር ብዙ ሀብት ባይኖረው እንኳ ሀብት ወደ እርሱ ይመጣል።

የመተማ በር ለዘላለም ተዘግቶ አይኖርም። በታሪኩ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፥ ብዙ ጊዜም ተከፍቷል፤ ከ1881 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ እንኳ ነጋዴው ተመልሶ ገበያውን አቁሟል። በሩ በተከፈተ ቀን ቆላውን አቋርጦ ወደ ሐይቁ የሚደርሰው እንግዳ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጀልባ ነው። ያን ቀን «ጀልባ ነበረን» ብሎ ከመመለስ፥ ዛሬ በችግሩ ቀን ሠሪውን በሥራው ላይ ማቆየት እጅግ ይሻላል።